ኢዳ የተቀመጠችው ላንድሮቨር

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ ለሀዲያ ሱሌማን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ልጄ ሀዲያ፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይስ እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው በስልክ ደህና ነኝ ያልሽኝ? እንቅልፍስ በወጉ ያስተኙሻል? የምትንከባከቢያቸው ልጆች ደህና ናቸው? የሰው ልጆች ቢሆኑም ከአንቺ እጅ የሚጎርሱ ናቸውና ደህንነታቸውን እጠይቃለሁ። አሠሪሽንም አላህ ልቧን ያራራልሽ፣ በገባሽበት በወጣሽበት ሁሉ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከሐዘናችን በቀር በጤና አለን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ከመስጊድ ቀርቶ አያውቅም። ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል፤ ጠዋት ስንነሣ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ እናገኘዋለን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ ጎረቤታችን እመት ፈንታዬ ናቸው። አላህ ወፍቋቸው ዘንድሮ ለሐጅ ተነሥተዋል። ጅዳ ሲደርሱ ስልክሽን አስደውለው ያገኙሻል። ብርቱ ጉዳይ ስላለው በሰው እጅ እንጂ በፖስታ ልልከው ልቤ አላመነም።

ባለፈው ቴሌ ቤት ሆኜ ስናወራ የነገርሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። «እማዬ፣ ያችን አሮጌ መኪና ሽጧት። እኔ ኮንትራቴን ለሁለት ዓመት አድሼ የተሻለች እገዛላችኋለሁ» አልሽኝ። እኔም «እሺ ልጄ» አልኩሽ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ መስመሩም ቆረጥ ቀጠል ይል ነበርና ከእሺ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ቤቴ ሳልደርስ፣ መንገድ ላይ ነው «ምን ብዬ ነው የመጣሁት?» ያልኩት። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። እህል እየለቀምኩ እነሣለሁ፤ ከተነሣሁ በኋላ ለምን እንደተነሣሁ ይጠፋኛል፤ እግሬ ግን ወስዶ መኪናዋ አጠገብ ያቆመኛል። ይህንን ስጽፍ እንኳ ስንት ጊዜ ጥዬው እንደወጣሁ አላህ ይወቅ። ለአዲሱ ኮንትራት ከመፈረምሽ በፊት እንዲደርስሽ ነውና ሁሉን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ የምታውቂያት ላንድሮቨር ወንድምሽ ኸባብ የሚነዳት ናት። ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ፣ ከከላላ ወደ መካነ ሰላም ሰው እንደ ንብ ሰፍሮባት፣ ባሊስትራዋ እያቃሰተ ትመላለስ ነበር እንጂ ቆማ አታውቅም። በሰኔ ግን ቆመች። እንዴት እንደቆመች ስነግርሽ ወይ ትስቂያለሽ ወይ ታለቅሻለሽ።

ኸባብ በሰኔ ሲሞትብን ሚስቱ ኢልሀም እንደ ደንቡ ኢዳ ተቀመጠች፤ ከቤት ሳትወጣ፣ ሳትኳል፣ ሽቶ ሳትነካ የባሏን ሐዘን ልትጨርስ። በለቅሶው ሰሞን አንድ የኸባብ ጓደኛ መጥቶ የመኪናዋን ሞተር ላሙቀው ቢል ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ ተነሡበት። «ሚስቱ ኢዳ ላይ ሆና መኪናዋ ልትጮህ ነው እንዴ?» አሉት። እኔም ከነሱ ጋር ጮኽኩበት። ድምፅዋን ስሰማ ኸባብ መጣ ብሎ የሚቆመው የኔ ጆሮ ነውና መስማት አልፈለግሁም። አባትሽም አልተቃወመም። ሸራ አለበስናት፤ ቁልፏን ኢልሀም በክር አንገቷ ላይ አሰረችው፤ ኢዳው እስኪያልቅ ማንም አይንካት ተባለ። ጎረቤቱም «ደግ አደረጋችሁ፤ እሷም ብትሆን ባለቤቷ ነው የሞተባት» አለን። ከዚያ ክረምቱ ገባ። እኛ ሐዘን እናክብር ስንል አይጥ የመብራት ገመዷን በላው፣ ጎማዎቿ ጭቃ ውስጥ ተኙ፣ ባትሪዋ ሞተ። ዶሮዬ ሳትቀር ከኮፈኑ ሥር ገብታ ጫጩት ፈለፈለች።

ኢልሀም ኢዳዋን ጨርሳ፣ ታጥባ፣ ልብሷን ለውጣ ስትወጣ መካኒኩን አድማሴን አስጠራነው። ታውቂው የለ፣ ከገበያው በታች ያለው፣ አፉ የማያርፈው። ኮፈኑን ከፍቶ አይጥ የበላውን ገመድ አንድ በአንድ እየሳበ አየ።

«እትዬ በለጡ፣ ይቺ ሴትዮ ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተነሣችው?» አለኝ።

«ኢዳ ላይ ነበረች» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

«መኪናዋ?» አለ። አዎ አልኩት። ሳቁ ቢመጣበት አፉን በዚያ ዘይታም እጁ ይዞ ዞረ፤ ሲመለስ ጢሙ ድረስ ጠቁሯል። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሕጋችሁን አላውቅም። መኪና ግን ሾፌሯ ቢሞት በማግሥቱ ሌላ የምታገባ ናት እንጂ ኢዳ የምትቀመጥ አይደለችም» አለን። ኢልሀም ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ሳበቃ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አድማሴ የመጨረሻ ቃሉን ሲሰጥ እንዲህ አለ፤ «ሞተሩ ይወርዳል። ፒስተኑና ፋሻው ይለወጣል፣ ገመዱ አዲስ ይዘረጋል፣ ቻሲዋ ተሰንጥቋል እሱን እበይደዋለሁ። ትነሣለች። ግን እንደ ድሮው ሰው በሰው ላይ ደርባችሁ ከጫናችሁባት እኔን አትጥሩኝ። ጥቂት ሰው ይዛ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ስንት ዓመት ትቆያለች ብትሉኝ አላህ ያውቃል።» ወሎየ አይደል፣ አላህን ከኛ እኩል ነው የሚጠራው።

አባትሽ ይህን ሰምቶ «ትሸጥ» አለ። አትፍረጂበት። ለሶላት ሲወጣም ሲገባም የሚያልፈው በሷ አጠገብ ነው፤ ሲያልፍ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል። አንቺ በስልክ ያልሽውም ልክ መሰለው። «ልጅቱ ራሷ እገዛለሁ ካለች ምን ታግለናል? ይቺን አሮጊት ስናስታምም ልንኖር ነው?» ይላል። ከደሴ አበጋዝ የሚባል አሮጌ መኪና የሚገዛ ደላላ አፈላልጎ አመጣ። ሰውየው መኪና የሚገዛው ሊነዳው አይደለም፤ ፈታትቶ ዕቃ ዕቃውን ሊሸጥ ነው። ዞሮ ዞሮ አያት፣ በእግሩ ጎማዋን መታ መታ አደረገና «እናቴ፣ ይቺ እኮ መኪና መሆኗን ትታለች» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን አልወደድኩትም።

እኔ ደግሞ ልቤ አልጸና አለኝ። ጠዋት ትጠገን ያልኩት ማታ ይሸጧት እላለሁ። ሀዲያ፣ ያኔ በስልክ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ኸባብ ከቆላ እህል ጭኖ ሲመለስ ነው ትኩሳቱ የያዘው። ጤና ጣቢያ ደሴ ውሰዱት ሲሉን መኪናዋ ደጃችን ቆማ ነበር። ነዳጅ ነበራት፣ ጎማዋ ደህና ነበር፣ ምንም አልጎደላትም። የሚነዳት ሰው ግን እሱ ብቻ ነበር። የሰውን በሽተኛ ሲያመላልስ የኖረው ልጄ ለራሱ ሾፌር ጠፋለት። ሰዉ ሾፌር ፍለጋ ወደ መናኸሪያ ሲሮጥ፣ አንዱ ሾፌር መንገድ ወጥቷል፣ አንዱ አይገኝም ሲባል፣ እሱ በመስኮት ወደሷ እያየ «ማርሿ ቀላል ነው፣ እኔ አሳያችኋለሁ» ይለን ነበር። ሌላውን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ሳያት አንዳንዴ በድንጋይ ልቀጥቅጣት ያምረኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ገብቼ መሪዋን ይዤ መቀመጥ። አፈሩን ስላላለበስሽው እንደምትብከነከኚ አውቃለሁ፤ እኔ አጠገቡ ሆኜም እብከነከናለሁና ብቻሽን አይደለሽም።

እንዲህ ስንናጥ አጎትሽ ሼህ ሀቢቡላህ መጡ። ደረሶቻቸውን ቁርአን ማቅራት ትተው ነው የመጡት። አዳመጡንና ተቆጡ። «መኪናዋ የናንተ ናት ያላችሁ ማነው? የሟች ንብረት ናት። ኢልሀም ድርሻ አላት፤ ከሁላችሁም የሚበልጠው ደግሞ የየቲሟ የልጁ የሀይፋ ነው። እያለቀሳችሁ ልትሸጧትም፣ እያለቀሳችሁ ልታስቀምጧትም አትችሉም። ለየቲሟ የሚበጃት የቱ ነው? እሱን ተነጋገሩ» አሉን። አፈርን። እኔ ከሟች ልጄ ጋር ስሟገት፣ አባትሽም ከሐዘኑ ጋር ሲሟገት፣ ልጅቱ አልታሰበችንም ነበር።

ኢልሀምን ጠየቅናት። በእናት በአባቷ ፊት እንኳ ቀና ብላ የማታወራ ልጅ፣ ያን ዕለት «ሀይፋ አባቷን አጥታለች። አክስቷን የምታውቃት በፎቶ ነው። አዲስ መኪና መጥቶላት አክስቷ ሁለት ዓመት ብትቀርባት ምን አገኘች ይባላል?» አለች። አባትሽ ግን «ደህና መኪና ደህና ገቢ ያመጣላታል፤ ፍቅር ትምህርት ቤት አያስገባም» አላት። ይህም ውሸት አይደለም። ስለዚህ አበጋዝ በገበያ ዕለት መጥቶ እንዲወስዳት አባትሽ ተስማማ። በስልክም እሺ ያልኩት እኔው ነኝና በምን አፌ እናገራለሁ?

የገበያው ዕለት አበጋዝ መጎተቻ ገመድና አይሱዙ ይዞ መጣ። ሸራዋን አንሥተን፣ ጎማዋን ነፍተን፣ ገመዱን ሊያስሩ ጎንበስ ሲሉ ከበሩ ወዲያ የሰው ጫጫታ ሰማን። በቃሬዛ ሰው ተሸክመው ገቡ። ከከላላ መንገድ፣ ከገጠር የመጡ ናቸው። ምጥ የጸናባት ሴት ናት። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ከአቅማችን በላይ ነው፣ ደሴ አድርሷት ብለዋቸዋል። እነሱም እንደ ወትሮው ወደ ኸባብ ቤት መጡ። መሞቱን አልሰሙም።

የኸባብን ደንብ ታስታውሻለሽ። የፊት ወንበሩ የበሽተኛና የወላድ ነው ብሎ ነይቶ ጤነኛ ሰው አያስቀምጥበትም ነበር። ከረቫት ያሰረ ሹም ቢመጣ «ጌታዬ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎ?» ብሎ ጠይቆ ወደ ኋላ ይሰደው ነበር። እኔ እናቱን እንኳ ጆንያ ላይ ነበር የሚያስቀምጠኝ። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሰዎቹም ማንንም ሳይጠይቁ፣ የወላዷ እናት ራሷ የፊት በሩን ከፍታ ልጇን በዚያች በማትነሣ መኪና ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደኔ ዞራ «እታለሜ፣ ሾፌሩን ጥሪልን» አለችኝ።

መሞቱን ኢልሀም ናት የነገረቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ለልጇ ነበር የምታለቅሰው፤ ቀጥሎ ለኔ አለቀሰች። እኔም ለሷ። መኪናዋ ደግሞ መሀላችን ዝም ብላ ቆመች፤ እንደዚያ ቀን።

ያኔ አባትሽ፣ ፊቱን ከሷ ሲያዞር የከረመው ሰውዬ፣ ቀጥ ብሎ መጥቶ ወደ ውስጥ አጎነበሰ። የልጅቱን ራስ በጋቢው ደገፈላት። ከዚያ አበጋዝን «የአይሱዙህን ጋቢና ክፈት» አለው። አበጋዝ «አባቴ፣ እኔ እኮ ብረት ልጎትት ነው የመጣሁት፤ ሰው ልጫን ብዬ አልወጣሁም፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?» አለ። «ብረቱ ቀርቷል። ወንበሩ ተይዟል። አንተ ከላይ ትሆናለህ» አለው። አበጋዝ አባትሽን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ራሱን አከከና ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ላይ ወጣ። ሾፌሩ ወላዷንና እናቷን ጋቢና አስገብቶ ሄደ። ጎማዋን ሊነፋ መጥቶ የነበረው አድማሴ ከኋላቸው «አበጋዝ፣ ብረት ፍለጋ መጥተህ አዋላጅ ሆነህ ቀረህ!» ብሎ ሲጮህ ግቢው ሙሉ ሳቀ፤ የሚያለቅሰውም ሳቀ።

አበጋዝ በሰው እንዳስላከብን ደሴ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላግላለች። ወንድ ነው። ማን እንዳሉት አልሰማሁም፤ አልጠየቅሁምም።

አባትሽ ከመግሪብ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ «አድማሴን ንገሩት፣ ሞተሩን ያውርደው» አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በእርግጥ አላለቀም። ሲነጋ እሱ መልሶ ተጨነቀ፤ እኔም ቻሲው የተሰነጠቀ መኪና ላይ የሰው ነፍስ ማሳፈር ልክ ነው ወይ እያልኩ ስዞር ዋልኩ። አድማሴን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁት እሱ ይንገርሽ፤ በመጨረሻ «እትዬ በለጡ፣ ብየዳው ላይ ሚስቴንና ልጆቼን አስቀምጬ ላሳይሽ?» አለኝ። ኸባብ ይጥለው የነበረው ዕቁብ ደርሶን ስለነበር ለጥገናው እሱ በቃ፤ ከአንቺ ምንም አይፈለግም። ሼህ ሀቢቡላህም ሰው ሳናበዛባት የምታስገባው ለሀይፋና ለእናቷ እንዲሆን አስማሙን። የእህቴ ልጅ ረመዳን፣ ኮምቦልቻ የሰው መኪና ይነዳ የነበረው፣ መጥቶ ሊነዳት ተስማምቷል።

እኔ ግን አንድ ነገር አስገድጃለሁ። አንድ ሰው ብቻ የሚነዳት መኪና ደጄ ላይ አትቆምም ብያለሁ። ኢልሀም «እኔ እማራለሁ» አለች። የሰፈሩ ሰው ምን እንደሚል መገመት አያቅትሽም። አባትሽ ግን አልከለከላትም። ረመዳን ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ እያለማመዳት ነው። ትናንት አጥር ገጭታ መጣች። አጥሩ የኛው ነው፣ ግድ የለም።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። ሀዲያ ልጄ፣ በስልክ ያልኩሽን እሺ መልሼ እወስዳለሁ። ለመኪና ብለሽ አትፈርሚ። የሚቀረሽን ጊዜ ጨርሽና ነይ። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ብትይኝ በቂ መልስ የለኝም። ከኢልሀም ጋር ሱቅ ትከፍቱ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ነገር ይገኝ ይሆናል፤ ዋሽቼ አልጠራሽም። ላንድሮቨሯም ነገ ልትቆም ትችላለች። ግን አንድ ልጄ ደጄ ላይ መኪና ቆሞለት አመለጠኝ። አሁን ደግሞ ሌላ መኪና ደጄ ላይ እንድትቆም ብዬ አንቺን ሁለት ዓመት ላስይዝ? አልችልም። አዲስ መኪና ብትልኪልኝ ባየኋት ቁጥር ያንቺን ወገብ ነው የማየው። ምናልባት ፈርመሽ ከሆነ ደግሞ አትደብቂኝ፤ ለእመት ፈንታዬ በግልጽ ንገሪያቸው። ሳላውቅ ከምናጥ አውቄ ብናጥ ይሻለኛል።

አድማሴ ሞተሯን ያስነሣ ዕለት ጭሷ ግቢውን ሞላው። ድምፅዋን ስሰማ ጆሮዬ እንደፈራሁት ኸባብ መጣ አለኝ፤ ግን አልሮጥኩም፣ አልወደቅሁምም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ «ኢዳ ወጣች!» እያሉ። አድማሴ የፊቱን በር ከፍቶ «እትዬ በለጡ፣ ዛሬስ ፊት ግቢ» አለኝ። አልገባሁም። ጤነኛ ነኝ ብዬ ዞሬ ከኋላ ወጣሁ። እስከ ገበያው ደርሰን ስንመለስ የፊት ወንበሩ ባዶውን ነበር፤ ያየን ሰው ሁሉ ለማን እንደሆነ ያውቃል። የኸባብን ደንብ እኔም አላፈርሰውም። አንድ ቀን ብቻ አፈርሰዋለሁ። ደሴ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስትወርጂ ረመዳን ይዟት ይጠብቅሻል፤ እኔም ጆንያዬ ላይ ሆኜ አብሬው እመጣለሁ። ያን ቀን ፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ወገብሽን ያምሽ የለ፣ ኸባብም ቢሆን አይከለክልሽም ነበር።

አባትሽ ሱሌማን ሰላምታውና ዱዓው ይድረስሽ ይላል፤ ኑሪ ልጄ፣ ኑሪና ነይ ብሏል። አጎትሽ ሼህ ሀቢቡላህ ከነደረሶቻቸው ዱዓ እያደረጉልሽ ነው። ኢልሀም እህቴን አደራ ሳሙልኝ ብላለች። ረመዳንም አድማሴም ሰላም ይሉሻል። አብራሽ ላለችው ለፈትሂያ እናቷ ከላላ ገበያ አግኝታኝ ደህና መሆኗን ነግራኛለችና ንገሪልኝ፤ አይዞሽ በያት። ሀይፋ ፎቶሽን ይዛ ትዞራለች። አሁን ስጽፍ ጉልበቴ ላይ ተደግፋ ምን እላታለሁ ብላት «አክስቴ ስትመጣ ክላክሱን የምነፋው እኔ ነኝ በያት» ብላኛለች። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ከልክላለች።

እናትሽ በለጡ

መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 21 ቀን 1996 ዓ.ም.